ሁለመናው ጆሮ የሆነው ዐዋጅ

በሐምራን መንግሥት መዲና ውሾች ሁሉ በአንድ ጀንበር መጮህ አቆሙ። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ ድምፅ ግን የለም። የከተማው ሰው በየደጁ ቆሞ ይህን ክፉ ምልክት ሲያይ ደሙ ቀዘቀዘ። ምክንያቱን ለመጠየቅ ግን ማንም አልደፈረም፤ መጠየቅም እንደ ማጉረምረም ቢቆጠርስ?

ከሁሉ አስቀድሞ ምክንያቱ የገባው አዝማን ነበር። በሃያ ስምንት ዓመቱ ከዘጠና ዘጠኙ የሸንጎ እንደራሴዎች አንዱ ለመሆን የበቃ፣ ንግግር የሚያምርለት፣ ካባ የሚያምርበት ወጣት ነው። የተመረጠው በአባር ገደል ላይ ድልድይ እሠራለሁ ብሎ ነበር። ሦስት ዓመት አለፈ፤ ድልድዩ ከንግግሩ አልወጣም። መራጮቹ በስብሰባ ላይ ማጉረምረም ሲጀምሩ ላብ አጠመቀው። በሳምንቱ ሸንጎው ፊት ቆሞ «በሸንጎው ላይ የሚያጉረመርም ማንኛውም ፍጡር ድምፁን ይነጠቅ» የሚል ዐዋጅ አቀረበ። ዘጠና ዘጠኝ እጅ ወጣ። ሁለት እንደራሴዎች እንቅልፍ ወስዷቸው ስለነበር እጃቸውን ጎረቤቶቻቸው አነሡላቸው። አዝማንም በዚያው ዕለት የወርቅ ወንበር ተሸለመ።

በሐምራን ግን ዐዋጅ ወረቀት ላይ አይቀርም፤ ሥጋ ይለብሳል። የጸደቀ ሕግ ሁሉ አውሬ ሆኖ ይወለዳል። የአዝማን ዐዋጅ ዓይን አልነበረውም፤ ከግንባሩ እስከ ጅራቱ ጆሮ ብቻ ነበር። በእንደራሴዎች በቅሎ ላይ ከሚያጉረመርሙት ውሾች ጀመረ፤ ከዚያ ወደ ሰው ዞረ። ድምፁን የተነጠቀ ሰው ከእግሩ ጀምሮ ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋዩ በሰባተኛው ቀን ልቡ ላይ ሲደርስ ያበቃለታል።

አንድ ረፋድ ላይ አዝማንን ወላጆቹ ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ ሚላት ልብስ እያሰጣች «ወንድሜ ካባ ለበሰና ረሳን» አለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ለገመዱ ነው። አዝማን ሲደርስ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድንጋይ ሆናለች። ጉዳዩን በአስቸኳይ አጀንዳ አስይዛለሁ አላት። አየችው። እንዲያ አይታው አታውቅም።

ሸንጎው ለስድስት ሳምንት እረፍት ተበትኖ ነበር። ስለዚህ የዐዋጅ ዱካ በመከታተል ወደምትታወቀው ወደ አሮጊቷ ወልሂት ሮጠ። እሷም እንዲህ ያለውን ፍጡር ጦር እንደማይገድለው፣ የሚገድለው ያመነጨው ሰው ፊቱ ቆሞ ጥፋቱን በገዛ አፉ ሲናዘዝ ብቻ እንደሆነ ነገረችው። በአውሬው ፊት የሚነገረው ቃል ደግሞ የሸንጎው አዳራሽ ድረስ ይሰማል። በሐምራን የሦስት መቶ ዓመት ታሪክ ውስጥ የሞከረው አለ ወይ ብሎ ሲጠይቃት እስኪያስላት ሳቀች።

የአዝማን ዘበኛ ዶርቃ፣ ሥራ ላይ ሳይቀር የሚያንጎራጉር ግዙፍ ሰው፣ ተንበርክኮ ማለ፤

«በሐምራን ሰባት ከዋክብት እምላለሁ፤ ጌታዬ ወደሚወርዱበት እወርዳለሁ። መውጫውን ግን እርስዎ ይፈልጉ።»

አውሬው ያደረው በአባር ገደል ማዶ፣ ከግርጌው ዋሻ ውስጥ ነው። ድልድይ ቢኖር የአንድ ቀን መንገድ ነበር። አሁን ግን አዝማን፣ ዶርቃና መንገድ የምትመራቸው ወልሂት በገመድ እየተንጠለጠሉ አራት ቀን ወረዱ። በየፍርክታው የተረሱ ዐዋጆች ተኝተዋል። ከንጉሥ ቆብ የሚረዝም ቆብ የሚከለክለው አሮጌ ሕግ ጥርሱ ረግፎ፣ ዛሬም የሰው አናት ያሸታል፤ ሲያሸታቸው ትንፋሻቸውን ውጠው ቆዩ። አዝማን በየገመዱ ቋጠሮ ቀን ይቆጥራል። ዛሬ ጉልበቷ፤ ዛሬ ወገቧ።

ሚላት ድምፅዋን ከተነጠቀች በስድስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ዋሻው አፍ ደረሱ። ጨለማው ውስጥ ሺህ ጆሮ ሲንቀሳቀስ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ።

«ማን ነው ያወጣኝ?» አለ አውሬው። ድምፁ የሚላት ነበር።

 አዝማን ልማድ ነውና ከካባው ሥር አንድ ጥቅል አውጥቶ ማሻሻያ ማንበብ ጀመረ፤ «ማንኛውም ፍጡር» ከሚለው ቀጥሎ «የእንደራሴ ቤተሰብን ሳይጨምር» ይባልለት ዘንድ። አውሬው ጥቅሉን ዋጠው፤ ግንባሩ ላይ አዲስ ጆሮ በቀለ።

አዝማን፣ «ያረቀቀው ጸሐፊው ነው» አለ። ሌላ ጆሮ በቀለ። ሸንጎው በሙሉ ድምፅ ነው ያጸደቀው አለ። ወቅቱም አስገዳጅ ነበር አለ። አውሬው የዋሻውን ጣሪያ ነካ። አዝማን ከፍርሃቱ ሁሉ የባሰበት የቱ እንደሆነ ራሱም አላወቀም፤ ከፊቱ ያለው መንጋጋ ነው ወይስ እዚያ ላይ ያለው የወርቅ ወንበር።

ዶርቃ አላስችል አለው። «እባክዎ ጌታዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔው ነኝ ይበሉትና እኅትዎ ትትረፍ።»

አውሬው ዞረ። ከቅርብ ሲነጥቅ ሰባት ቀን አይጠብቅም። ዶርቃ አንድ እጁን እንደዘረጋ፣ ከእግሩ እስከ ራሱ በአንድ ትንፋሽ ድንጋይ ሆነ።

አዝማን የድንጋዩን እጅ ነካ። ገና ይሞቅ ነበር። ያን ጊዜ ካባውን አውልቆ ጣለና አውሬው አፍ ሥር ሄዶ ቆመ።

«እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ድልድዩን መሥራት አቃተኝ፤ አቃተኝ ከማለት አፋቸውን መዝጋት ቀለለኝ። እጁን ያወጣው ሸንጎም አላነበበውም። የዶርቃ ደም በእኔ ላይ ነው።»

አውሬው ጮኸ፤ ዋሻው ተናወጠ። ሆዱ ተተረተረና የታፈነው ሁሉ ወጣ፦ የውሻ ጩኸት፣ የገበያ ጭቅጭቅ፣ የእናቶች እርግማን፣ የዶርቃ እንጉርጉሮ። ሁሉም እንደ ወፍ መንጋ ገደሉን ተሻግሮ ሽቅብ በረረ።

አዝማን ዶርቃን ሊጠራ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ወልሂት ትከሻውን ይዛ ነገረችው፤ ኑዛዜው ራሱ በሸንጎው ላይ ከተሰማው ማጉረምረም ሁሉ የከፋ ነበርና ሕጉ ሳይሞት በመጨረሻ የተፈጸመው በእሱ ላይ ነው። አውሬው ስለሞተ ድንጋይ አይሆንም። ድምፁ ግን ሬሳ ውስጥ እንደቀረ ጦር ነው፤ አይመለስም።

ሽቅቡን ያለ ዶርቃ ሲወጡ፣ ድምፅዋ ለሚላት በሰዓቱ ደርሶላት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። የከተማው በር ላይ ሚላት እያነከሰች መጣችበት። አቅፋው ስታበቃ ስድብ ጀመረች፤ ስለ ካባው፣ ስለ መክሳቱ፣ ከዚያ በፊት አራት ወር ሳይጠይቃት ስለ መቅረቱ። 

«ከመቼ ወዲህ ነው አንተ መልስ ያጣኸው?» አለችው።

አሮጊቷ ወልሂት በጆሮዋ ነገረቻት። ሚላት ስድቡን ትታ ክንዱን ያዘች፤ እስከ ሸንጎው ደጅም አልለቀቀችውም።

ሸንጎው እረፍቱን አቋርጦ ተሰብስቦ ነበር፤ ለዚህ ጊዜ አላጣም። ኑዛዜው አዳራሹ ውስጥ እንደ ነጎድጓድ ተሰምቷል። አፈ ጉባኤው መከላከያ እንዳለው ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ጸሐፊው «ተቃውሞ የለውም» ብሎ መዘገበ። እጅ ወጣ። ስሙ ከወንበሩ ላይ ተፋቀ።

ደረጃውን ሲወርድ ከኋላው አንድ እጅ ያዘው። አርባ ዓመት ሸንጎ የተቀመጠው፣ ስንት ዐዋጅ እንዳመነጨ የማይታወቀው ሽማግሌው እንደራሴ ሰልፎን ነበር። ግራ ቀኙን አየና አንሾካሾከ፤

«ልጄ፣ ሲናገሩት ያማል?»

አዝማን «አዎ» በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«ከዚያስ በኋላ?»

አዝማን ሽማግሌውን በክርኑ ደግፎ ወደ አደባባዩ አዞረው። እዚያ ታች፣ ከአጥር እስከ አጥር፣ ከተማው ሁሉ ቆሞ እንደ ልቡ ያጉረመርም ነበር።