በውጭ የተገጠመው መቀርቀሪያ

ፖሊስ ያሰረው ሰው ጥፋት አልነበረበትም። ኢንስፔክተር አምሳለ ይህን ስትጠረጥር ሰውየው በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ሊቀርብ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።

ሟቹ ቃለሕይወት ይባላል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቱ ከማሚቴና ከታላቅ ወንድሙ ከጌቱ ጋር የሚኖር ወጣት መሐንዲስ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ሞቶ ተገኘ። ጌቱ ወዲያው ጣቱን የቀሰረው ምድር ቤት ሱቅ ባለው በአናስ ላይ ነው። ሱቁ ሲፈተሽ የሟቹ ስም ያለበት መድኃኒት ከብስኩት ካርቶን ጀርባ ተገኘ። ለፖሊስ ይህ በቂ ሆነ።

አምሳለ ደረጃውን ስትወጣ ጉልበቷን አመማት። እንዲህ ያለ የሐዘን ቤት ስንተኛዋ እንደሆነ መቁጠር ትታለች።

ማሚቴ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ ማሚቴ፣ ልጅዎ ሕመም ነበረበት?»

«ጌታ ፈውሶታል፣ ልጄ። መድረክ ላይ ወጥቶ በጉባኤው ፊት መስክሯል።»

«ከምን ሕመም?»

ጌቱ ጣልቃ ገባ።

«ያለፈ ነገር ነው! ገዳዩን ይዛችኋል፣ ሌላ ምን ቀራችሁ? አናስ መርዝ ሲያበላው ከረመ፤ ቅዳሜ በር እየደበደበ መጥቶ ገፈተረው። ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል።»

«ከክፍሉ ሲወጣ አይተኸዋል?»

«በዓይኔ!»

«እርስዎስ፣ እትዬ?»

«እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ከታች ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። መቀርቀሪያውን ከፍቼ ስገባ አልጋው ባዶ ነው።»

አምሳለ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደች። የበሩ መቀርቀሪያ በውጭ በኩል ነው፤ ብሎኖቹ ገና ያብረቀርቃሉ። በውስጥ በኩል የቀድሞዎቹ ቀዳዳዎች ባዶአቸውን ቀርተዋል። መቀርቀሪያውን ወደፊት ገፋችው፣ መለሰችው። ከዚያ ወጣች።

አናስን ጣቢያ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ አገኘችው።

«መድኃኒቱን ለምን ደበቅክ?»

«አልደበቅኩም፣ አስቀመጥኩለት። እቤት ቢያዩበት “ፈውስህን ካድክ” ይሉታላ። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ልግዛ ብሎ ይወርዳል፣ እኔ ጋ ይውጣል። “የሰፈራችን ፋርማሲስት፣ ዲግሪህን አሳየኝ እንጂ” እያለ ይቀልድብኛል።»

«ይህን ስትያዝ ለምን አልተናገርክም?»

«ለማንም እንዳልናገር ወላሂ አስብሎኛል። በተለይ እጮኛው ቤዚ እንዳትሰማ።»

«ሰውየው እኮ ሞቷል! አንተ ዕድሜ ልክህን ልትታሰር ነው።»

«ቢሞትም ምስጢሩ የሱ ነው።»

«ቅዳሜ ምን ልታደርግ ሄድክ?»

«ከሐሙስ ወዲህ አልወረደም። መድኃኒቱን ይዤ ወጣሁ፣ በር ደበደብኩ። ጌቱ “ጾም ጸሎት ላይ ነው” ብሎ ከደጅ መለሰኝ። ሱቄ ገብቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ጩኸቱን ሰማሁ።»

ከሰዓት በኋላ አምሳለ ሁሉንም በማሚቴ ሳሎን ሰበሰበች። አናስ በካቴና እንደታሰረ በር አጠገብ ቆመ። ቤዚ ከፍራሹ ጫፍ ተቀመጠች። ታች ከድንኳኑ የለቀስተኛው መዝሙር ይሰማል።

«መርዝ የለም» አለች አምሳለ። «መድኃኒቱ ሟቹ ራሱ ፈርሞ የወሰደው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው። ሐኪሙን አነጋግሬያለሁ፤ ሲወስድ ደህና ነበር። ቤዚ፣ ቤተሰቦችሽ ምን ብለው ነበር?»

«ለበሽተኛ ልጃችንን አንሰጥም ብለው ነበር። ሲመሰክር ነው “እሑድ ሽማግሌ ላክ” ያሉት።»

«ስለዚህ መድኃኒቱን አናስ ሱቅ ተደብቆ መዋጥ ነበረበት። አሁን ቅዳሜን እንይ። ጌቱ፣ አናስ ከክፍሉ ሲወጣ አየሁ አልክ። እናትህ “መቀርቀሪያውን ከፍቼ ስገባ” አሉ። የመኝታ ቤቱ መቀርቀሪያ በውጭ ነው። ሰው ገፍትሮ የሚሸሽ፣ ባዶ ክፍል ቆሞ አይቀረቅርም። ክፍሉ ከመጀመሪያውም ተቀርቅሮ ነበር፤ አናስም አልገባም።»

«ማነው የቀረቀረበት?» አለች ቤዚ።

ጌቱ ወለሉን አየ።

«መድኃኒቱን እንደሚወስድ ሐሙስ ደረስክበት» አለችው አምሳለ። «ጸሎት እንዲይዝ ብለህ ዘጋህበት። ክፉ አስበህ አይደለም። ግን የታመመ ሰው ያለ መድኃኒት፣ ያለ ጓደኛ ብቻውን ቀረ። “ታምሜያለሁ” ብሎ እንዳይጣራ፣ ምስክርነቱ ውሸት ሊሆን ነው፤ ሠርጉ ሊቀር ነው። ራሱን ነው ያጠፋው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ያ በር ግን አንዱ ነው።»

«ራሱን አጠፋ እንዲባል ነው?» ጮኸ ጌቱ። «እናቴ በሰው ፊት እንዴት ትቁም?»

«አናስ ይታሰርላት?»

አምሳለ የአናስን ካቴና ፈታች። ማሚቴ ቀና አሉ።

«አናስ፣ ያን መድኃኒት ሲውጥ... ይስቅ ነበር?»

«ይስቅ ነበር፣ እማማ።»

«እኛ ቤት መሳቅ ከተወ ቆየ» አሉ። ከዚያ ወደ አምሳለ ዞሩ። «መቀርቀሪያውን ሲገጥም ብሎኑን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ይህንንም ጻፊው።»

ፍራሹን ተደግፈው ተነሱ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«የት ነው እማዬ? ታች እኮ ሰው ሞልቷል!» አለ ጌቱ።

«ለዚሁ ነው። ልጄ ታሞ ነበር ልላቸው ነው። እቤቱ የታመመ የደበቀ ካለ ይስማ።»

ጌቱ ሊይዛቸው እጁን ዘረጋ። ማሚቴ ግን ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት።