ከላይኛው መስቀያ የወረደችው ዘንግ

ሽማግሌው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሠሪ ከወርክሾፓቸው በታች ካለው የወንዝ ኩሬ ሬሳቸው ሲወጣ፣ የውሃ ቡትሳቸው እግራቸው ላይ ነበር። የማጥመጃ ዘንጋቸውም ጥቂት እርምጃ ዝቅ ብሎ ከቅርንጫፍ ጋር ተጠላልፎ ተገኘ። ለተመልካች ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ዓሣ ሊያጠምዱ ወረዱ፣ አዳለጣቸው፣ ድንጋይ መታቸው። ችግሩ ቁስሉ ነበር። ከራስ ቅላቸው በስተኋላ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ወርዷል። የዚያ ወንዝ ድንጋይ ደግሞ ሁሉም ድቡልቡል ነው።

መርማሪዋ ቁስሉን ጎንበስ ብላ ስታይ ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«ልጃቸውን ይዘሽ ነይ። ትናንት አመሻሽ ላይ ‹ይህን ቤት በላይህ ላይ እዘጋዋለሁ› ብላ ስትጮህባቸው ተሰምታለች።»

«ማን ሰማት?»

«ረዳታቸው። እስከ ቀትር እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ እኔው ራሴ መጥቼ አስራታለሁ።»

የሥራ ባልደረቦቿ ከኋላዋ «መዥገሯ» ይሏታል፤ አንዴ ከተጣበቀች አትላቀቅምና። እሷም ስሙን ታውቀዋለች፣ ደስም ይላታል። ስለ ዓሣ ግን የምታውቀው ሳህን ላይ ሲቀርብ ብቻ ነው። ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ቀርቷታል።

ወርክሾፑ ውስጥ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በቁመቱ ተደርድሯል። ጠረጴዛው፣ መላጊያው፣ የመስኮቱ ደፍ ሳይቀር ቢጫ ብናኝ ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ የተጋደመ አንድ ረጅም ብረት ብቻ ያበራል። በሩ አጠገብ አምስት ያለቁ ዘንጎች ተሰቅለዋል፤ ሁሉም ላይ የሽማግሌው ስም በጥቁር ቀለም ተጽፏል። በሟቹ መቀመጫ ትይዩ፣ ከፍ ብሎ፣ አንድ ባዶ መስቀያ አለ። ከሥሩ ወንበር ቆሟል።

ልጅቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ጮኸሽባቸዋል?»

«አዎ ጮኼበታለሁ። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመታት ሆነው። ሻይ እንኳ ሳያፈስ አይጠጣም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ‹ሥራ አለብኝ› አለኝ። ተናደድኩና በሩን አላትሜ ወጣሁ።» እንባዋ ቀደማት። «አባዬ ከእኔ መጨረሻ የሰማው የበሩን ጩኸት ነው።»

መርማሪዋ ትከሻዋን ነካ አድርጋት ወደ ውጭ ወጣች።

የሟቹ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ የጥርስ ሐኪም፣ በረንዳው ላይ ቆመው ወንዙን ያያሉ።

«ዶክተር፣ ሱቅ ውስጥ ቀላል የፋብሪካ ዘንግ ሞልቶ የለም እንዴ? ቀርከሃ ምን ያደርግላችኋል?»

ሐኪሙ በሐዘናቸው መሃል ፈገግ አሉ። «የፋብሪካው ልብዎ እንደቸኮለ ይቸኩላል። ቀርከሃ አይቸኩልም። ወደ ኋላ ሲወረውሩት ክሩ ከጀርባዎ እስኪዘረጋ ይጠብቃል፤ እርስዎም ሳይወዱ በግድ ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ የሰማሁት የታካሚ ዋይታ ሁሉ ከጆሮዬ ይወጣል። ከዚያ መንጠቆው ላይ ያለችው፣ ከላባ የተሠራችው ዝንብ ውሃው ላይ እንደ እውነተኛ ዝንብ ታርፋለች።»

«አትሰምጥም?»

«የሐሩን ክር ስብ ካልቀቡት ትሰምጣለች። እሱ ሳይቀባ ውሃ አጠገብ አይደርስም ነበር። ስቡ ደግሞ በውሃ አይለቅም።»

«የላይኛው መስቀያ ላይስ ምን ነበር?»

«ውሃ ውስጥ የተገኘችው ናት። ‹ይቺን ለማንም አልሰጥም፣ የልጄ ናት› ይለኝ ነበር። ሌሎቹን በሁለት ወር ሲጨርስ እሷ ሁለት ዓመት ፈጀችበት።»

መርማሪዋ ወደ ወንዙ ዳር ወርዳ የዘንጓን ክር በጣቶቿ አሸችው። ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ስብ አልነካውም።

ረዳቱን ያገኘችው ከቤቱ ጀርባ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ሠርቷል፤ ሰው ሁሉ «ቀኝ እጅ» እያለ ይጠራዋል።

«ጋሼ ለምን ያቺን ዘንግ ይዘው የወረዱ ይመስልሃል?»

«ምርጧ ስለነበረች ይሆናላ።»

«አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«እኔማ ቫርኒሽ እቀባለሁ፣ እጠርጋለሁ። የሚልጉት፣ የሚያጣብቁት እሳቸው ናቸው።»

መርማሪዋ መዳፉን አየች። አባቷ አናጢ ነበር። መላጊያ ዕድሜ ልክ የተጫነው መዳፍ የት ላይ እንደሚደነድን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች። መጥረጊያ እዚያ ቦታ ላይ አያደነድንም።

ቀትር ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሦስቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። ከወንዙ የወጣችውን ዘንግ መርማሪዋ በእጇ ይዛለች።

«ሟቹ ዓሣ ሊያጠምዱ አልወረዱም» አለች። «ክሩ ስብ አልተቀባም። ቡትሱን ያጠለቀላቸው፣ ዘንጓንም የጣለላቸው ሌላ ሰው ነው። የሞቱት እዚህ ቤት ውስጥ ነው። ይህን ረጅም ብረት እዩት፤ ቀርከሃው መሃሉ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ እየገባ የሚላግበት ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ቁስሉ። ቤቱ በሙሉ ብናኝ ለብሶ ሳለ ታጥቦ የተወለወለው እሱ ብቻ ነው።»

ልጅቷ ብረቱን አይታ ፊቷን አዞረች።

«የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። አምስት ዘንግ በሩ አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ተሰቅሏል። የቸኮለ ገዳይ አምስቱንም አልፎ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ስድስተኛዋን ለምን ያወርዳል?»

ይህን ብላ እጇ ላይ ያለችውን ዘንግ ወለሉ ላይ ለቀቀቻት። ሐኪሙ «ኧረ በሕግ!» ብለው ጮኹ። ልጅቷ አፏን ያዘች። ቀኝ እጅ ግን ዝም ብሎ አየ።

መርማሪዋ በሩ አጠገብ ካሉት አምስቱ አንዱን አወረደች፤ ጉልበቷ ላይ አጋድማ ማጉበጥ ጀመረች።

«ተይ! አትስበሪው!» ቀኝ እጅ አንቱታውን ረስቶ ክንዷ ላይ ተንጠለጠለ።

መርማሪዋ ማጉበጡን ተወች።

«ዶክተሩ ለዚያችም ጮኹ፤ ለሳቸው ስድስቱም የወዳጃቸው ሥራ ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «አንተ የጮኽከው ለዚህኛው ብቻ ነው። በየዘንጉ የቀርከሃው ስንጥሮች የተጣበቁበትን መጋጠሚያ በጥፍሬ ሞከርኩት። በአምስቱ ላይ ጥፍሬ አልተያዘም። ያቺ ግን በየቦታው ትይዛለች፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተላገች ናትና። አምስቱ የማን እንደሆኑ መዳፍህ ይናገራል። ወንዝ ውስጥ የሚጣል ዘንግ ሲፈለግ፣ የራስህን ልጆች መጣል አቃተህ።»

ቀኝ እጅ ክንዷን ለቀቀ። ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሁሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ። የሚጻፈው ግን የሳቸው ስም ነው። ትናንት ልጅቷ እንደወጣች ‹ጋሼ፣ ከአምስቱ አንዱ ላይ ብቻ ስሜን ልጻፍ› አልኳቸው። ‹ያንተን ስም ማን ያውቀዋል?› ብለው ሳቁብኝ። ገፋኋቸው። አንዴ ነው የገፋኋቸው፤ ብረቱ ጠርዝ ላይ ወደቁ!»

«እኔን ግን ለማሳሰር ጊዜ አልፈጀብህም» አለች ልጅቷ። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

መርማሪዋ ለአለቃዋ ደወለች። «ልጅቷን አላመጣትም፤ ሌላ ሰው ነው» ብላ ዘጋችው።

ካቴናው ከገባለት በኋላ ፖሊሱ የወደቀችውን ዘንግ አንስቶ በፕላስቲክ ከረጢት ሊጠቀልላት ሲል፣ ቀኝ እጅ ከበሩ ዞር አለ።

«ገና እርጥብ ናት። እንዲህ ከታሸገች ትሻግታለች። በደረቅ ጨርቅ ይጥረጓትና ጥላ ውስጥ ይስቀሏት።»

ፖሊሱ ግራ ገብቶት መርማሪዋን አየ። እሷም ከረጢቱን እንዲተወው ምልክት ሰጠችው።

ልጅቷ የአንገት ልብሷን ፈትታ ዘንጓን ከጫፏ እስከ እጀታዋ ጠረገቻት። ጥፍሯ መጋጠሚያው ላይ በተያዘ ቁጥር ቆም ትል ነበር፤ ብዙ ቦታ ቆመች። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷ ሥራ አለብኝ ሲላት የነበረው ይህ ነው። ስትጨርስ ወንበሩ ላይ ወጣችና ላይኛው መስቀያ ላይ መለሰቻት።