ሁለት የተባለው ሕመም

የሕክምናው ማሽን ጠጠጠጠ እያለ ተረከዟን ሲቀጠቅጣት ብሪን የሹራቧን እጅጌ ነከሰች። በሆዷ ተኝታ ስለነበር ፊቷ ለማንም አይታይም። የሚታየው እግሯ ብቻ ነው፤ እሱንም የእግር ሐኪሟ ወይዘሮ ቬርና ጠበቅ አድርገው ይዘውታል። ሽጉጥ የሚመስለውን መምቻ በተቀባው ቅባት ላይ አንሸራትተው፣ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ፈልገው አገኙት። ከዚያ በኋላ መምቻው በሴኮንድ አሥር ጊዜ እዚያው ላይ ይወርድ ጀመር።

«ስንት ነው ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ቬርና።

«ሁለት።»

«ከአሥር ሁለት?»

«አዎ፣ ሁለት።»

«እንግዲያው ገና አልጀመርንም ማለት ነው» አሉና ቁልፉን ወደ ቀኝ አዞሩት።

አሁን የሚወርደው መዶሻ ሳይሆን ምስማር መሰላት። ሕመሙ ከተረከዟ ተነስቶ በባቷ በኩል እስከ ጉልበቷ ጀርባ ነዘራት። ከእጅጌዋ ውስጥ አጭር ትንፋሽ አመለጣት፤ ማሽኑ ስለሚጮህ ግን ማንም አልሰማም።

«አምስት ወይ ስድስት ላይ ነው የምፈልግሽ» አሉ ወይዘሮ ቬርና፣ ዐይናቸውን ከእግሯ ሳያነሱ። «ከዚያ በታች ከሆነ ቦታውን ስቼዋለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ማከሜን ትቼ መጉዳት ጀምሬአለሁ። ማደንዘዣ የማልወጋሽም ለዚሁ ነው። ይኼ ማሽን ዐይን የለውም። ዐይኑ አንቺ ነሽ። አሁንስ?»

«ሁለት።»

«ጣቶችሽ እኮ ተኮማተሩ።»

«እየኮረኮረኝ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት እግር ይዣለሁ። የተኮረኮረ እግር እንዲህ አይሆንም።» ትንሽ ጠበቁ፤ አንድ ነገር ትጨምር እንደሆነ ብለው። ብሪን እጅጌዋን መልሳ ነከሰች። ማሽኑ ማደጉን ላልጨረሰ አጥንት አይፈቀድም፤ ራጇ ግን አጥንቷ ማደጉን እንደጨረሰ አሳይቷል፤ ቁጥሯም ሁለት ነው። እሳቸውም በተነገራቸው ቁጥር ሠሩ። ሁለት ሺህ ምት።

ሲያበቃ ቅባቱን በፎጣ እየጠረጉላት፣ «እስከ ሐሙስ ማታ መሮጥ የለም፣ መዝለል የለም፣ የትግል ምንጣፍ መርገጥ የለም» አሏት። «አሁን ይደነዝዝና የዳነ ይመስልሻል። አልዳነም። ዝም አለ እንጂ አልዳነም። ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ከኦዳሊስ ጋር የምትታገለው ረቡዕ ነው። ይህን አልነገረቻቸውም።

በዚያች የአሜሪካ አዮዋ ግዛት ከተማ ልጅ ቆሞ ከመሄዱ በፊት ሰው መጣል ይማራል ይላሉ። ቀልድ ነው፤ ግን ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ትምህርት ቤቱ የሴቶች የትግል ቡድን ካቋቋመ ጀምሮ በየልምምዱ መጀመሪያ አንድ ደንብ አለ። ልጆቹ በክብደታቸው ተራ ግድግዳው ሥር ይሰለፋሉ፤ አሰልጣኝ ዲትመር መዝገቡን ይዞ ስም ይጠራል፤ እያንዳንዷ የዕለቱን ሕመሟን ከአሥር ትናገራለች። የተጎዳች እንዳትታገል ተብሎ የወጣ ደግ ደንብ ነበር።

ቆይቶ ግን ሁሉም «ሁለት» ማለት ለመዱ። «አንድ» ያለች ጉረኛ ናት፤ «ሦስት» ያለች አልቃሻ። አሰልጣኙ እንዲህ በሉ ብሎ አላዘዘም። ቀና ብሎ ማየቱን ግን ትቷል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለው አባባል ወደዚያ አዳራሽ ገብቶ አያውቅም። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያለ ሰልፉ ያልቃል፤ ትግሉ ይጀመራል።

ብሪንና ኦዳሊስ ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ሲጣጣሉ ነው ያደጉት። ዘንድሮ ግን ኦዳሊስ ወፈር አለችና የብሪን ክብደት ላይ መጣች። ለቅዳሜው ውድድር በአንድ ክብደት አንዲት ልጅ ብቻ ትሄዳለች፤ ማን እንደምትሄድ የሚለየው የረቡዕ ትግላቸው ነው፤ ቅዳሜ ያሸነፈች ደግሞ ለግዛቱ ሻምፒዮና ታልፋለች። ብሪን አምና በአንድ ነጥብ ነው የቀረባት። ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ተረከዟ ምላጭ የረገጠ ያህል ያማታል፤ ይህን የሚያውቁ አባቷና ወይዘሮ ቬርና ብቻ ናቸው። እነሱም የሚያውቁት እሷ የነገረቻቸውን ያህል ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ኦዳሊስ ፀጉሯን ወደ ቆቧ እየጠቀጠቀች መጣች።

«አንቺ፣ ዛሬ ጣሪያውን በደንብ እዪልኝ እሺ? ስንት አምፖል እንዳለ ቆጥረሽ ትነግሪኛለሽ።»

«እኔ ከላይ ሆኜ ያንቺን ሽፋሽፍት ነው የምቆጥረው።»

«አቦ አትቀደጂ! ዛሬ ስንት ነሽ? ትናንት ከሐኪም ቤቱ በጓሮ በር ወጥተሽ ላሽ ስትዪ አይቼሻለሁ።»

«ሁለት።»

ኦዳሊስ ሳቀች። «እንግዲህ እኔም ሁለት ነኛ።» ከዚያ እንደ ልማዷ ሁለት ጊዜ አማተበች፤ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለብሪን።

ፊሽካው ተነፋ።

ግንባር ለግንባር ሲጋጩ ከዳር የተቀመጡት ልጆች «ኡፍ!» አሉ። ኦዳሊስ ሳትዘገይ በክንዷ የብሪንን አፍንጫ መታችው፤ ደሙ በከንፈሯ ላይ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ። ዲትመር ትግሉን አቁሞ አፍንጫዋ ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቀና፣ «ቀጥሉ!» አለ። ብሪን ጎንበስ ብላ የኦዳሊስን ጭን አቅፋ አነሳቻትና በጀርባዋ ጣለቻት። ኦዳሊስ እንደ ዓሣ ተፈናጥራ ዞረች። አንገት ያዙ፣ ተናነቁ፣ ጉንጫቸው ምንጣፉ ላይ ተፋቀ፤ የኦዳሊስ ቅንድብ ተሰነጠቀ፤ የማን ደም የማን ላይ እንዳለ መለየት አቃተ። በዚህ ሁሉ መሃል የብሪን ተረከዝ ምንም አላላትም። ሕመሙ ጠፍቶ ነበር። ችግሩ እግሯም አብሮ መጥፋቱ ነው፤ ምንጣፉን የምትረግጠው በተዋሰችው እግር መሰላት።

በመጨረሻው ዙር ነጥባቸው እኩል ነበር። ብሪን ከኋላ ሆና የኦዳሊስን ክንድ አጠፈችና ወደ ጀርባዋ ጠመዘዘችው፤ እነሱ ክንፍ የሚሉት አያያዝ ነው። ወደ ላይ ገፋችው። የኦዳሊስ ፊት ምንጣፉ ውስጥ ተቀበረ።

ዲትመር በጉልበቱ ተንበረከከ። «ስንት?»

«ሁለት!» አለች ኦዳሊስ።

የብሪን ጆሮ ከኦዳሊስ አፍ አጠገብ ነበር። ከ«ሁለት» በኋላ የወጣውን ትንፋሽ የሰማችው እሷ ብቻ ናት። አጭር፣ ከጥርስ መሃል ያመለጠ። ታውቀዋለች። ትናንት በገዛ እጅጌዋ ውስጥ የቀረው ትንፋሽ ነው።

ልትለቃት ትችል ነበር። ሁለት ብላለች፣ አለች በልቧ፤ ሁለት ካለች ሁለት ነው። በደነዘዘው እግሯ ምንጣፉን ገፍታ ክብደቷን ሁሉ ጫነች።

እግሯ ከዳት። ተንሸራተተና ብሪን በሙሉ ሰውነቷ ክንዱ ላይ ወደቀች። እርጥብ ቅርንጫፍ በጉልበት ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ።

ኦዳሊስ የጮኸችው ቁጥር አልነበረም። «እማ!» ነበር ያለችው፤ ደጋግማ፣ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ። ክንዷ ክንድ በማይዞርበት በኩል ዞሮ ነበር። የአምቡላንሱ ሰዎች ቃሬዛ ላይ ሲያስተኟት አንደኛው፣ «ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው?» ብሎ ጠየቃት። ከንፈሯ አመድ መስሏል። «ሁለት» አለች፤ ብላም አስታወከች።

ብሪን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ድንዛዜው ለቀቃት። ተረከዟ ጠቁሮ አብጧል። አግዳሚ ወንበሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀረች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በኋላ ወደ ኦዳሊስ ቤት ሄደች። በሩን የከፈቱት እናቷ ናቸው፤ የሥጋ ፋብሪካውን የሥራ ልብስ እንደለበሱ ነበሩ። ብሪንን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ መንገድ ለቀቁላት።

ኦዳሊስ ሶፋው ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ክንዷ በደረቷ ላይ ታስሯል፤ ቅንድቧ ተሰፍቷል።

«ትከሻዬ ከቦታው ወጥቶ ነበር። ክርኔ ተሰብሯል። ለዘንድሮ በቃኝ» አለች።

«ኦዲ፣ ይቅርታ…»

«ዘጠኝ ነበር።»

ብሪን የታሰረውን ክንድ አየች።

«አልተናገርኩም፤ እሺ፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው። አንቺ ግን ትንፋሼን ታውቂዋለሽ። ከሰባት ዓመታችን ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ሰምተሽኛል ወይስ አልሰማሽኝም?»

ከጓዳ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«ሰምቼሻለሁ» አለች ብሪን።

ኦዳሊስ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። «እሺ። ይኼን እንኳ አልዋሸሽኝም።» ከዚያ ወደ ብሪን እግር አየችና፣ «ስትገቢ እያነከስሽ ነበር። ስንት ነው?» አለቻት።

መልሱ ሳታስበው ወጣ። «ሁለት።»

ኦዳሊስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሂጂልኝ በቃ።»

«ኦዲ…»

«ሂጂ አልኩሽ እኮ!»

ማታ እራት ላይ የብሪን አባት እንደ ሁልጊዜው እጁን አጣጥፎ አመሰገነ፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ ዝናቡ፣ በመጨረሻም «ልጄን በጤና ስለጠበቅህልኝ» አለ። ብሪን አሜን ማለት አቃታት። አባቷ አንድ ዐይኑን ገልጦ አያትና የእሷንም አሜን ጨምሮ አለላት።

ዓርብ ልጆቹ ግድግዳው ሥር ተሰለፉ። የኦዳሊስ ቦታ ባዶ ነበር፤ ልጆቹ ጠጋ ጠጋ ብለው አልሞሉትም። ብሪን ከክፍተቱ ቀጥላ፣ የቀኝ እግሯን በጣቷ ብቻ አስረግጣ ቆማለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለችው ዘንድሮ የገባችው ትንሿ ዊላ ናት።

«ሁለት።» «ሁለት።» «ሁለት።»

ዲትመር አቀርቅሮ እየጠራ መጣ። «ኦዳ…» አለ፤ ስሙ አፉ ላይ ቀረ።  በዚያች ቅጽበት ብሪን በእጁ ያለውን ወረቀት አየችው። ከላይ እስከ ታች በየስሙ አንጻር ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ተጽፏል። ማንም አፉን ሳይከፍት በፊት ሞልቶታል። ከኦዳሊስ ስም አጠገብም ሁለት አለ። ከእሷም ስም አጠገብ።

«ብሪን» አለ አሰልጣኙ፤ እርሳሱ ግን መልሷን ሳይጠብቅ ወደ ዊላ ስም ወርዷል።

 ነገ ቅዳሜ ነው። አምና በአንድ ነጥብ ነበር የቀረባት።

«ስምንት» አለች።

እርሳሱ ቆመ። ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት ልጅ ሳቅ ጀምራ ተወችው።

«ምን አልሽ?»

«ስምንት። ማክሰኞም ሕክምናው ላይ ስምንት ነበር፤ ሁለት ነው ብዬ ወይዘሮ ቬርናን ዋሸኋቸው። ሁለት ቀን አትታገዪ ተብዬም ታግያለሁ።»

«ነገ ውድድር ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«በዚህ ክብደት ሌላ ልጅ የለንም፣ ብሪን።»

«አውቃለሁ፣ አሰልጣኝ።»

ዲትመር ወረቀቱን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ እርሳሱን ገለበጠው። ጫፉ ላይ ያለችው ላጲስ ሮዝ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ወረቀት አልነካችም። ከብሪን ስም አጠገብ ያለውን ሁለት አጠፋ። እጁ እዚያው ትንሽ ቆየ፤ ቀጥሎ አንድ መስመር ወደ ላይ ወጣና የኦዳሊስንም አጠፋው።

«የሷስ ስንት ነበር?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዘጠኝ።»

እርሳሱን መልሶ ስምንቱንም ዘጠኙንም ጻፈ። የላጲሱን ብናኝ እፍ አለና እርሳሱን በላጲሱ በኩል እንደገና ዘቀዘቀ።

«ዊላ» አለ፤ አሁን ግን ቀና ብሎ ዐይኗን እያየ፣ እስክትመልስ ጠበቀ።