የሱሁሩ መርፌ

መጀመሪያ የተሰማው ክላክሱ ነበር። ጉም ዲላን ሸፍኖ አጥር ከአጥር በማይተያይበት ማለዳ፣ ከሙከሚል የመኪና ግቢ አንድ አይሱዙ ይጮህ ጀመር፤ አላቋርጥ አለ። ጎረቤቱ መጀመሪያ ተራገመ፣ ቆይቶ ፈራ። የሙከሚል ታናሽ ወንድም ዘከርያ አጥሩን ዘሎ ሲገባ ወንድሙን በግንባሩ መሪው ላይ ተደፍቶ፣ ላብ አጥምቆት አገኘው። ሆስፒታል ሲደርስ ስኳሩ እጅግ ወርዶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አረፈ።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ሸዋአለም ሲሰጥ ያለቀ ይመስል ነበር። ሙከሚል የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ረመዳንን እየጾመ ኢንሱሊን ይወጋል። በዚያን ቀን ለሱሁር፣ ጎሕ ሳይቀድ ለሚበላው ምግብ፣ የተወጋው ግን የወትሮው እጥፍ ነው። ሚስቱ ሱራያ፣ ወንድሙ ዘከርያ፣ የእህቱ ልጅም ሾፌሩም የሆነው ፈይሰል ሦስቱም ያዘዘችው ዶክተር ራሄል ናት አሉ። አለቃዋ ኮማንደር ጓንጉል ሐኪሟ ከቀብሩ በፊት እንድትታሰር ፈልጓል። ክሊኒኳ ደጅ የተሰበሰበው ሰው ጉርምርምታም እየከበደ ሄዷል።

ራሄል ክሊኒኳ ውስጥ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ቀብራ ተቀምጣለች። እንደምትለው፣ ትናንት ሙከሚልን አትጹም ብላዋለች፤ እምቢ ካልክ የሱሁሩን መጠን ቀንስ ብላዋለች። የመርፌውን ነገር ሁልጊዜ የምትነግረው ለምትወጋው ለሱራያ ነበር። ትናንት ግን ሱራያ አልመጣችም።

«እነሱ ሦስት፣ አንቺ አንድ» አለቻት ሸዋአለም።

«እኛ ዘንድ እንዲህ አይቆጠርም፣ እትዬ።»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

«ይህ መድኃኒት ይሰጥ የሚል ምክር ሲመጣ ስንት ሰው ተናገረው አንልም። ከምን ተነስቶ ተናገረው እንላለን። በሽተኞች ላይ ታይቶ ነው ወይስ ከሌላ ሰምቶ? ማስረጃ ደረጃ አለው። አሥር ጽሑፍ ከአንድ ጥናት ከተቀዳ ያው አንድ ነው። ጥናቱ ራሱ ከሌለ ደግሞ ባዶ ነው።»

ሸዋአለም ይህን በሆዷ ይዛ ወጣች። ለሦስቱም አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦ ከማን ሰማችሁ?

ዘከርያ ከሱራያ መስማቱን ነገራት። ሳትጠይቀውም ሌላ ነገር አወራ፤ ሙከሚል ፈይሰልን ፍስሐ ገነት ላይ ያለ ፈቃድ ቡና ጭኖ ደርሶበታል፣ ለፖሊስ እሰጠዋለሁ እያለ ሲዝት ነው የከረመው።

ሱራያ ትናንት ጨለለቅቱ ከተማ ለቅሶ ውላ ስትመለስ ፈይሰል በር ላይ ጠብቆ ነግሯታል። «ለሱሁር ስነግረው ገረመው፣ እህቴ። ‹ሐኪሟ ደውላ ለወጠችው ማለት ነው?› አለኝ። እንቅልፌ አልለቀቀኝም ነበር፤ እንዲሁ ‹አዎ› ብዬ ወጋሁት።»

ፈይሰል እርጋታው ያስፈራል። እሱ እንደሚለው ውጭ ነው የጠበቀው፤ አጎቱ ከክሊኒኩ እንደ ወጣ መኪና ውስጥ «እጥፍ አድርገው ብላኛለች፣ ለሱራያ ንገርልኝ» ብሎታል።

ሸዋአለም ሁሉንም ሙከሚል ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ራሄልን ኮማንደሩ ራሱ አመጣት። ከጓዳ የሴቶች ልቅሶ ይሰማል።

«ሦስት ምስክር አለን ብለን ነበር» አለች ሸዋአለም። «ዘከርያ ከሱራያ ሰማ፤ እሱ ይውጣ። ሱራያ ከፈይሰል ሰማች፤ እሷም ትውጣ። የቀረው ፈይሰል ከሟቹ ሰማሁ ይላል። ሟቹስ ከማን ሰማ?»

ወደ ሱራያ ዞረች።

«ከሱራያ። ለሱሁር ስትነግረው ገረመው። ሌሊት አዲስ የሆነበትን ነገር ቀን ላይ ለፈይሰል እንዴት ነገረው?»

«አጎቴ ይረሳል እኮ» አለ ፈይሰል።

«‹ለወጠችው› ነው ያለው። ሰው ለወጠችው የሚለው የፊተኛውን ካስታወሰ ነው። ወሬው እናንተው ውስጥ ሲዞር ኖረ እንጂ ሐኪሟ ደጅ አልደረሰም። አንድ ቦታ ግን ተወልዷል።»

ኮማንደሩ ራሄልን ትቶ ወደ ፈይሰል ዞረ። ፈይሰል አንገቱን ደፋ።

«አንዴ መንገድ ላይ ስኳሩ ወርዶ ሲወድቅ አይቼዋለሁ» አለ። «ስኳር ሲሰጡት ነቃ። ለፖሊስ ሳይናገር ለጥቂት ቀን ሆስፒታል ይተኛልኝ ብዬ ነው። አክስቴ ሱራያ ትጠይቀዋለች፣ ይከራከራሉ፣ ምናልባትም ይቀራል ብዬም ነበር። በአላህ፣ ይሞታል አላልኩም።»

ዘከርያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ራሄል ነፃ መሆኗን ገና ያመነች አትመስልም፤ ቀስ ብላ ወደ ሱራያ ተጠጋች። «እትዬ ሱራያ፣ አንቺ እኮ አላወቅሽም—»

«‹አዎ› ብዬው የወጋሁት እኔ ነኝ» ብላ ሱራያ ተነሳች። ሻሿን አጠበቀች፤ ፈይሰልን ሳታየው አልፋው ወጣች። ግቢው ውስጥ ጀናዛውን፣ አስከሬኑን፣ ለመሸኘት የሚጠብቁት ወንዶች መንገድ ለቀቁላት። ሸዋአለም ከበሩ ላይ ሆና አየቻት፤ ወደ መቃብሩም ወደ ዘመዶቿም አቅጣጫ አልነበረም የሄደችው። ወዴት ነሽ ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው የለም።