የሰፊው ክዳን

ፎጣው የታሰረው በአንድ ቋጠሮ ነበር። እናትየው ይህን ልብ ያለችው የመጀመሪያውን ሻይ ለመምህሩ ቀድታ፣ እሳቸውም ጠጥተው ኩባያውን ከመለሱላት በኋላ ነው። እሷ ፔርሙዝ ስትጠቀልል ሁለቴ ትቋጥራለች፤ አንዱ ቢፈታ ሌላው ይይዛል ባይ ናት። «ማን ነካብኝ?» ልትል አፏን ስትከፍት መምህሩ የሸለቆ መመልከቻውን አጥር በሁለት እጃቸው ያዙ። ቁጭ አሉ። ከዚያ በጎናቸው ተጋደሙ። ፋርማሲስቷ ልጇ ሮጣ ደረሰች፣ ደረታቸውን ጫነች፣ ትንፋሽ ሰጠች፤ መምህሩ ግን አልተመለሱም። ሸለቆው ከታች እንደተዘረጋ ነበር፤ የሚያየው ግን ጠፋ።

ጉዞው ከመነሻውም አልቀናም። ጎረቤታሞቹ ሚኒባስ ተከራይተው አገር ሊያዩ ወጡና ሙዚየሙ ለእድሳት ተዘግቶ ጠበቃቸው። ፏፏቴው ደርቆ ቋጥኝ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ከእናትየው ሁለት ፔርሙዞች ቀጭኑ የተሰበረው እዚያው ቋጥኝ ላይ ነው። ጎማ ፈነዳ። ትናንት ደግሞ ሾፌሩን ወገቡን ያዘውና መንገድ ላይ ቀረ፤ አስጎብኚው ከመናኸሪያ ሌላ ሾፌር ቀጥሮ መጣ። በየጊዜው እናትየው «ብዬ ነበር» ትላለች፤ የሚሰማት የለም። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እሷ የፈራችው ግን ገደልና ፍሬን ነበር፤ የገዛ ሻይዋን አልነበረም።

መርማሪዋ ወደ ማረፊያ ቤቱ የመጣችው ከቀትር በኋላ ነው። ቀጠን ያለች፣ ለመናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ምግብ አዳራሹ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ይዛ አንድ በአንድ ታስጠራቸው ጀመር። የሆስፒታሉ ሐኪም ቁርጡን ተናግሯል፤ ሻዩ ውስጥ የልብ መድኃኒት ተጨምሯል። ባዶው ብልቃጥም ሚኒባሱ ውስጥ፣ ከፋርማሲስቷ ወንበር ሥር ተገኝቷል።

መድኃኒቱ የእናትየው ነበር። ልጇ በቦርሳዋ ትይዝላታለች፣ በየማታው ጠብ ታደርግላታለች። አደገኛነቱን የማያውቅ ደግሞ አልነበረም፤ እናትየው ራሷ «ጠብታ ነው፣ ከበዛ ይገድላል» እያለች በየፌርማታው ስትናገር ከርማለች። አዲሱ ሾፌር እንኳ ገና ከመሳፈሩ ሰምቶታል።

የባሰው ደግሞ ትናንት በእራት ሰዓት የሆነው ነው። መምህሩ ጡረታ ቢወጡም የሰው አነጋገር ማረም አልተዉም ነበር፤ ልጅቷን በአንድ ጉርሻ መሃል ሦስቴ አረሟት። እሷም ስቃ «ጋሼ፣ በዚህ እርማትዎ አንድ ቀን ሰው አንቆ ይገድልዎታል» አለች። ሁሉም ሰምቷል። ሁሉም ለመርማሪዋ ነግሯታል፤ አስጎብኚውማ ሁለት ጊዜ ነገራት፤ ስለ ተዘጋው ሙዚየም ከመምህሩ ጋር መጨቃጨቁን ግን አላነሳም።

«ዛሬ ልጅዎ ጣቢያ ታድራለች» አለች መርማሪዋ።

እናትየው ለመነች፣ ተቆጣች። ልጅቷ በሕይወቷ ከቤት ውጭ ስታድር እንቅልፍ ወስዷት አያውቅም፤ ጣቢያማ እንዴት ታድራለች አለች። መርማሪዋ ግን እንዳልሰማ ሆና ከላስቲክ ከረጢት አንድ ነገር አወጣች። የፔርሙዙ ክዳን ነበር። በላዩ በተለጠፈው ነጭ ፕላስተር በእስክሪብቶ «ሰፊው» የሚል ተጽፏል።

«ፔርሙዙ የልብስ ሰፊው ነው እንዴ?» አለች፣ ቃሉን አላልታ አንብባ።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከተጓዦቹ አንዱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ትልቅ ትንሹ «ጋሽ ሰፊው» ይላቸዋል።

የእናትየው ትዕግሥት እዚህ ላይ አለቀ። «የእኔ ነው። ሰፊው ማለት ሰፊው ነው እንጂ» አለች፣ «ፊ»ን በጥርሷ ረግጣ እያጠበቀች። «አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ሰፊ ፔርሙዝ ነበረኝ። ክዳናቸው እየተለዋወጠ ሲያፈስብኝ ጻፍኩበት፤ ቀጭኑ ተሰበረ፤ ይሄ ቀረ። መምህሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ 'ጠብቆ ሲነበብ የፔርሙዙ፣ ላልቶ ሲነበብ የጋሽ ሰፊው' ብለው አስቀውናል።»

«መቼ?»

«ከቤት የወጣን ጠዋት።»

«ማን ማን ሳቀ?»

«ልጄን ልታስሪ ነው፣ ስለ ሳቅ ትጠይቂኛለሽ?»

«ማን ማን ሳቀ፣ እትዬ?»

እየመረራት ቆጠረችላት። ጋሽ ሰፊው፣ አስጎብኚው፣ ልጇ፣ ወገቡን ያመመው ያ ሾፌር። መርማሪዋ ሌላ ጠየቀች፤ ዛሬ ጠዋት ፔርሙዙ የት ነበር? እናትየው ማዕድ ቤት ሞልታ፣ እዚያው በፎጣ ጠቅልላ፣ ሁለቴ ቋጥራ፣ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ከልጇና ከሌሎቹ ቦርሳዎች ጋር አስቀምጣው ነበር። ከዚያ ሁሉም ቁርስ ሊበላ ገባ፤ የረሳውን ሊያመጣ ያልተመላለሰ አልነበረም። ስለ ነጠላው ቋጠሮም ነገረቻት። እስካሁን የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ደግማ ነገረቻት።

ቀጥሎ የተጠራው ሾፌሩ ነው። እናትየው በሩ አጠገብ ተቀምጣ ሰማች። ወደ መመልከቻው አልወጣም፤ ከታች መኪናውን ሲጠብቅ ነበር። ፔርሙዙንስ? በፎጣ እንደተጠቀለለ አይቶት ይሆናል፣ አልነካውም። መንጃ ፈቃዱን ስትጠይቀው ቀኝ እጁን ወደ ኮቱ ግራ ደረት ሰደደ፤ ኪስ አጣ፤ እጁን አጣሞ ከቀኙ በኩል አወጣላት። መርማሪዋ መንጃ ፈቃዱን ሳይሆን እጁን ታይ ነበር።

ሊመሻሽ ሲል ሁሉንም አንድ ላይ ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ በፖሊስ ታጅባ ገባች። እናቷ ሹራብ ልታለብሳት ብትነሳ «ቆይ እማ» አለቻት።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ» አለች መርማሪዋ፣ ቀድማ ወደ ሾፌሩ ዞራ። «የዛሬው ሻይ የማን ነበር?»

«የጋሽ ሰፊው ነዋ» አለ።

ጋሽ ሰፊው ቀና አሉ። አስጎብኚው «የእትዬ ነው እንጂ» አለ። ልጅቷም የእናቴ ነው አለች። ሾፌሩ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ።

«ማን ነገረህ?»

«ሰው ሲል ሰምቼ።»

«ማንም አላለም። ሰው ሲል ብትሰማማ ጠብቆ ትሰማው ነበር፤ የእኚህ ሰዎች ጆሮ የሚያውቀው ጠብቆ ነው። አንተ አነበብከው። አልፈርድብህም፣ እኔም አላልቼ ነው ያነበብኩት፤ በቀልዱ ቀን ያልነበረ ሁሉ እንዲያ ያነባል። ጽሑፉ ግን ከፎጣው ሥር ነው። ፎጣውን ያልፈታ ሰው አያየውም።» ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «መምህሩን ሊገድል የሚፈልግ ሰው ሁሉም የሚጠጣው ሻይ ውስጥ መድኃኒት አይጨምርም። ልጅ ደግሞ እናቷ የምትጠጣበትን አትመርዝም። ይህን ያደረገው ሻዩን አንድ ሰው ብቻ ይጠጣዋል ብሎ ያመነ ነው። መምህሩ የሞቱት በስህተት ነው። የተፈለጉት እርስዎ ነበሩ፣ ጋሼ።»

«እኔ ምን አድርጌ?» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ትናንት ማታ በእራት ላይ ሾፌሩን ምን አሉት?»

ሽማግሌው አሰቡ። ኮቱን አይተው ይሄን እጅጌ አውቀዋለሁ፣ የእኔ ስፌት ነው፣ ለማን እንደሰፋሁት ትዝ ሲለኝ እነግርሃለሁ ማለታቸው ትዝ አላቸው። ቀልዳቸውን ነበር። እስካሁንም ትዝ አላላቸውም፤ ሲሞክሩ ውለዋል።

«የውስጥ ኪሱን ይዩት» አለች መርማሪዋ።

ሾፌሩ ኮቱን አላወልቅም ሲል ፖሊሱ አወለቀው። ጋሽ ሰፊው ኮቱን ጉልበታቸው ላይ ገልብጠው በጣታቸው ዳሰሱ። የውስጥ ኪሱ በቀኝ በኩል ነበር። እጃቸው እዚያው ቀረ።

«ግራኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ኪሱን በቀኝ አድርግልኝ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ከነመኪናው ከጠፋ ክረምት አለፈ። ሚስቱ አሁንም ሱቄ ትመጣለች፤ ወሬ ሰምተህ እንደሆነ እያለች።»

«ከገበያ ነው የገዛሁት» አለ ሾፌሩ።

«ከገበያ የገዛ ሰው ሽማግሌ ትዝ ሳይለው ቶሎ ይሙትልኝ አይልም» አለች መርማሪዋ። «ብልቃጡን ከልጅቷ ወንበር ሥር የጣልከውም አንተ ነህ። መኪናው የት እንዳለ ጣቢያ እንነጋገራለን።»

ሲወስዱት ጋሽ ሰፊውን ሳይሆን ክዳኑን ነበር የሚያየው፣ አንዲት ፊደል እንዲህ ታደርገኛለች ብሎ እንዳላሰበ ሰው።

ጋሽ ሰፊው ለዚያች ሴት ማን ይነግራታል አሉ። መልሱን ግን እሳቸውም ያውቁት ነበር።

እናትና ልጅ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ያ በር ትናንት አልቆለፍ ብሎ እናትየውን አበሳጭቷታል፤ ለማረፊያ ቤቱ ሰዎች ብትናገር ነገ ይሠራል ስላሏት ወንበር አስደግፋ አድራለች። አሁንም ቁልፉ ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ።

«ያው ነው» አለች። «ብዬ ነበር።»

«እማ፣ ቆይ።» ልጅቷ ትከሻዋን ከእጀታው ሥር አስገብታ በሩን ወደ ላይ ደገፍ አደረገችው። «አሁን አዙሪው።»

ቁልፉ ዞሮ ቀጭ አለ።

«ተቆለፈ፤ በቃ ነይ ተኚ።»

እናትየው ግን እጇን ከቁልፉ አላነሳችም። አንዱ ቢፈታ ብላ ደግማ አዞረችው።