ዳገት የፈተነው አውቶቡስ

አውቶቡሱ ዕድሜው ከሚጭናቸው ተማሪዎች ይበልጣል። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ወንበሮቹ ተቀዳደዋል። ትምህርት ቤቱ ረጅም ዳገት ጫፍ ላይ ስለሆነ በየጠዋቱ እያቃሰተ ይወጣል። ሾፌሩን ልጆቹ "ጋሼ ጎማ" ይሉታል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ሆዱ ከመሪው ጋር ስለሚጋፋ ነው፤ እሱም አይቀየምም።

ጋሼ ጎማ ልጆቹን እንደ ዓይኑ ብሌን ያያቸዋል። ክፉ ልማድ ግን ነበረው። ዳገቱን በሙሉ ጉልበት ወጥቶ በሩ ላይ ሲደርስ፣ ሞተሩ እንደ ምድጃ እየፋመ ቁልፉን ቀጭ አድርጎ ያጠፋዋል። "የቆመ መኪና ነዳጅ አይጠጣም" ይላል። የአየር ማጣሪያውንም መቀየር ሲገባው አቧራውን አራግፎ መልሶ ይገጥመዋል።

መካኒክ የሆነችው የእህቱ ልጅ አንድ ቀን አውቶቡሱ ጋራዧ በር ላይ ሲቆም ጥቁሩን ጭስ አየች፤ ከሞተሩ የሚወጣውንም ቀጭን ፉጨት ሰማች።

"አጎቴ፣ ይሄ የቱርቦው ድምፅ ነው።"

"ያፏጭ! ደስ ብሎት ነው።"

"ቀልዱን ይተዉት። ቱርቦ ለሞተሩ አየር እያመቀ የሚያጎርስ ማራገቢያ ነው። የሚያሽከረክረው ትኩሱ ጭስ ነው፤ ከመቃጠል የሚያድነው ደግሞ ዘይት ነው። ዳገት ወጥተው ወዲያው ሲያጠፉት እሱ ገና እየሾረ ዘይቱ ይቋረጥበታል። ትንሽ በዝግታ ይሥራና ከዚያ ያጥፉት። ማጣሪያውንም ይቀይሩ።"

"አንቺ ሳትወለጂ ዲዝል ነድቻለሁ። ዲዝል ካልጨሰ ምኑን ዲዝል ሆነ?"

"ጭሱን የሚምጉት ሕፃናት እኮ ናቸው!"

"እሺ፣ እሺ" አለና ሄደ። እሺ ብሎ የቀረ ስንቱ ነው!

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት አውቶቡሱ ዳገቱ መሀል ላይ ጉልበት ከዳው። ከሞተሩ ጩኸት ተሰማ፤ ነጭ ጭስ መንገዱን ሸፈነው። ጋሼ ጎማ ዳር ይዞ ቆመና ቁልፉን አጠፋ። ሞተሩ ግን አልጠፋም! ቱርቦው ተሰብሮ ዘይቱ ወደ ሞተሩ እየፈሰሰ ስለነበር የራሱን ዘይት እያነደደ ይባስ ያጓራ ጀመር።

"ቦርሳውን ተዉት! ውረዱ!" የአውቶቡሱ ረዳት በሩን ከፍታ ጮኸች። አስም ያለባትን ትንሽ ልጅ አቅፋ አወረደቻት። ጋሼ ጎማ ከመሪው አልተነሳም። የመጨረሻው ልጅ መውረዱን ሲያይ ሞተሩን በግድ ለማቆም ትልቁን ማርሽ አስገባ፤ ፍሬኑ ላይ ቆመና ፍሪሲዮኑን በድንገት ለቀቀ። አውቶቡሱ ተንዘፈዘፈና ጸጥ አለ።

ከዚያ እሱም ወረደ። ልጅቷ መንገድ ዳር ተቀምጣ የትንፋሽ መድኃኒቷን ስባ፣ ትንፋሿ መለስ ብሎላት ነበር። ቀና ብላ አየችው።

"ጋሼ፣ አውቶቡሳችንም እንደኔ አስም አለበት?"

ጋሼ ጎማ ስልኩን አውጥቶ ለእህቱ ልጅ ደወለ።

ጋራዥ ውስጥ የእህቱ ልጅ ቱርቦውን ስትፈታው ዘይቱ ከሰል ሆኖ ደርቆበታል፤ ዘንጉ ተሰብሯል።

"የነገርኩዎትን አልደግመውም" አለች።

"ደግሚው፣ የኔ ልጅ። የምሰማሽ ገና አሁን ነው።"

በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት "ያረጀ ብረት ነው፤ ይጣል!" ሲል ብዙዎች አጨበጨቡ። ጋሼ ጎማ ኮፍያውን አውልቆ ተነሳ።

"አውቶቡሱን አትውቀሱት። ያነቅሁት እኔ ነኝ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለኝ ሰው ነበረኝ፤ አልሰማሁም። አሠሩትና ቁልፉን ብትፈልጉ ለሌላ ሾፌር ስጡት።"

የዚያች አስም ያለባት ልጅ እናት ተነሳች። "ልጄን ሳያወርድ አልወረደም። ጥፋቱንም ለማንም አልለጠፈም። አውቶቡሱ ይሠራ፤ የሚነዳውም እሱ ይሁን።"

ቱርቦው ተቀየረ፤ ሞተሩ ተፈትሾ ታጠበ፤ አዲስ ማጣሪያ ገባ። አውቶቡሱ ወደ ሥራ በተመለሰበት ጠዋት ሰፈሩ ዳገቱን ተከትሎ ቆመ። "መሀል ላይ ይቀራል" ያሉም ነበሩ። ጋሼ ጎማ ማርሹን ቀነሰና ሳይጣደፍ ተያያዘው። አውቶቡሱ መሀሉን አለፈ፤ ልጆቹ "በርታ! በርታ!" እያሉ ወንበሩን ደበደቡ። ከኋላው የሚከተል ጥቁር ደመና የለም። ትንሿ ልጅ መስኮቱን ከፍታ አንገቷን ሳታቀረቅር ንጹሕ አየር ሳበች። ጫፉ ላይ ሲደርሱ እልልታው ቀለጠ!

ጋሼ ጎማ ግን ገና አልጨረሰም። ልጆቹን አወረደና አውቶቡሱን ከግቢው ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ ወስዶ ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ በዝግታ አሠራው። ከዚያ አጠፋው። ሌሎች ሾፌሮች ከበው ምክንያቱን ሲጠይቁት ሳይታክት አስረዳቸው። ዛሬ በዚያ ትምህርት ቤት ሁሉም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ወገኖቼ፣ አሮጌ መኪና ሁሉ አይጣልም፤ አሮጌ ልማድ ግን ሳይውል ሳያድር መጣል አለበት። ነገ ልጃችሁን ስታሳፍሩ የጭስ ማውጫውን እዩ። ከጠቆረ ሾፌሩን በትሕትና ጠይቁት፤ ሾፌሮችም ስትጠየቁ አትቆጡ። የልጅ ሳንባ መለዋወጫ የለውም።