አንደኛ የወጣው ማሞቂያ

መርማሪው ሬሳ አይቶ የሚደነግጥበት ዕድሜ አልፏል፤ አሁን የሚያስፈራው ደረጃ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው መጋዘን ጉልበቱን እየረገመ ሲደርስ፣ ሟቹ ከብረቱ መደርደሪያ ሥር ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተዘርሯል። አጠገቡ መሰላል ወድቋል። በኢንተርኔት የቤት ዕቃ ለሚሸጠው ለዚህ ሱቅ የፍለጋውን አገልግሎት የሚያደራጀው እሱ ነበር፤ ደንበኛ «ድስት» ብሎ ሲጽፍ ድስቱን ከፊቱ የሚደቅነው። «ፈላጊው» ይሉታል።

«ወድቆ ነው» አለች የሱቁ ባለቤት፣ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ። «ሚስቱን ምን ልበላት?»

መርማሪው ተንጠራርቶ የላይኛውን መደርደሪያ አየ። አቧራው ድፍን ነው፤ የጣት ምልክት የለበትም። አደጋ ነው ብሎ ፈርሞ ቤቱ ገብቶ መተኛት አማረው። ግን መሰላል ወጥቶ ምንም ሳይነካ የሚወድቅ ሰው አይቶ አያውቅም።

ሐኪሙ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ባለው ጊዜ ነው የሞተው ብሏል። ቁልፍ ያላቸው ሌሎች ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የሱቁ ባለቤት፣ ለሱቁ ዕቃ ገዥ የሆነው ታናሽ ወንድሟና የመጋዘን ኃላፊዋ።

«አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበሩ?» አላት ኃላፊዋን።

«ቤቴ፣ ስልኬ ላይ። ፈላጊው መቼ ያስቀምጠናል! በየጠዋቱ በዚያ ሰዓት ሁላችንም ከየቤታችን ሱቁ ላይ ድስት፣ ብርድ ልብስና ማሞቂያ እንፈልጋለን። ስንተኛ ሆኖ እንደወጣ ጽፈን እንልክለታለን።»

«በየቀኑ?»

«ነፍሱን ይማረውና ነዝናዛ ነበር» አለች፤ እንባዋንም ጠረገች።

ወንድምየው ስልኩን አውጥቶ አሳየ። «ይኸው፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው የላክሁት።»

«እጄ ላይ ያደገ ልጅ ነው» አለች እህቱ። «ዝንብ እንኳ አይገድልም።»

መርማሪው የሟቹ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከጠዋት ጀምሮ ደስ ያለው ይኼኔ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን ረጋ ብሎ አነበበና ሦስቱንም ሰበሰባቸው።

«ሰው ገፍቶት ነው። መሰላሉ የመጣው በኋላ ነው» አለ። «ፈላጊው ዛሬ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ማሞቂያውን ከፍለጋው ሰርዞታል። ምክንያቱንም መዝግቧል፦ ገመዱ እንደሚቀልጥ ሦስት ደንበኞች ጽፈዋል፤ ትናንት ለዕቃ ገዥው ለወንድምዎ ነግሮታል፣ ዛሬ ለእርስዎ ሊነግር ነበር።»

የሱቁ ባለቤት ወንድሟን አየችው።

«ከዚያ በኋላ ማሞቂያ የፈለገ ሰው ባዶ ነው የሚያገኘው። እርስዎም ኃላፊዋም ‹ምንም አልመጣም› ብላችሁ ልካችኋል። ወንድምዎ ግን ‹ማሞቂያ፣ አንደኛ› ብሏል።»

«ተሳስቼ ነዋ!»

«ዛሬ ሱቁ ላይ ጭራሽ አልፈለግህም። ሁልጊዜ ያው ነው ብለህ የትናንቱን ገልብጠህ ላክህ፤ እሱ እግርህ ሥር ወድቆ። አመል ያወጣል ከመሃል ይባል የለ?»

«ሐሰት ነው!» እህቲቱ ጮኸች። «ማሞቂያው አደገኛ መሆኑን ቢያምን ለእናታችን ይወስድላት ነበር?» ወዲያው ክው አለች። ስልኳን አውጥታ ደወለች። «እማዬ! ያንን ማሞቂያ አሁኑኑ ንቀይው!»

የእናትየው ድምፅ ለሁሉም ተሰማ። «የቱን? ወንድምሽ ትናንት ማታ መጥቶ ወሰደው እኮ። ያቃጥልሻል አለኝ። የተባረከ ልጅ!»

ወንድምየው አንገቱን ደፋ። «እትዬ… ልገድለው አልነበረም። እንዳይነግርሽ ብዬ ነው።»

አላየችውም። ወደ ኃላፊዋ ዞረች። «ለስንት ቤት ሸጠናል?»

«ለሠላሳ አንድ።»

«ስልካቸውን አምጪልኝ።»

መርማሪው ወንድምየውን ይዞ ደረጃውን መውረድ ጀመረ፤ ጉልበቱ ሲወርድ ይብሳል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ የእህቲቱ ድምፅ ከላይ ይሰማ ነበር፤ ስለ ማሞቂያው እየነገረች፣ ይቅርታ እየጠየቀች ነበር።